ባለ ሁለት ዓይን ሰይጣኖች

ሽታዬ ጎጃም ውስጥ ከአምበር ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ተወልዳ ያደገች ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪ ነበሩ። እንስራዋን የማያደንቅ፣ ድስቷን የማይሻማ የአካባቢው ሰው የለም። ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን አልነበረም። «ጠይብ ናት» ይሏታል፤ ከጀርባዋ ደግሞ «ቡዳ ናት»። ባሏ በሞተ ጊዜ እንኳ ለቀብር የመጣው ሰው ከደጃፏ አላለፈም።

እሷ ግን አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ሴት አልነበረችም። እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ቅዳሴ ትሄድና በሴቶች መቆሚያ በኩል ከግድግዳው ተጠግታ ትቆማለች። ሌሎቹ ሴቶች ራቅ ስለሚሉላት የግድግዳውን ሥዕል የሚጋርድባት አልነበረም።

ያ ሥዕል እጅግ ያረጀ ነው። ማን እንደሣለው የሚያውቅ የለም፤ ካህናቱ «ከግራኝ በፊት ነው» ይላሉ። ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር ሲኦል አፉን ከፍቷል። የሰው እግር ያበቀለ ዓሣ አለ፤ ሆዱ ላይ ሌላ አፍ ያለው ጅብ አለ፤ ነፍሳትን እንደ ጥሬ የሚለቅም ባለ ምንቃር ሰይጣንም አለ። ሁሉም በጎን ነው የተሣሉት። በእኛ አገር ሥዕል ክፉ ፊቱ በሙሉ አይታይም፤ የሚሰጠው አንድ ዓይን ብቻ ነው።

በ1994 ዓ.ም. መስከረም ላይ የጎረቤቷ የወይዘሮ ታየች ልጅ በትኩሳት ይቃዥ ጀመር። ታየች ልጁን አቅፋ፣ ዘመድ አዝማድ አስከትላ ሽታዬ በር ላይ ደረሰች።

«በልተሽዋል! ውጪና እትፍ በይበት!»

ሽታዬ በሩ ላይ ቆመች። «ልጁን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።»

«እትፍ ካላልሽበት ከዚህ አንነሣም!»

«እትፍ ካልኩማ በላሁት ማለቴ ነው። አልበላሁትም። ብትገድሉኝም እትፍ አልልም።»

ከመሃል አንዱ ድንጋይ ወረወረ። ለገበያ ያሰናዳችው ጋን ተሰባበረ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ የልጁ አጎት ሰልችቶት ልጁን ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ። ታይፎይድ ሆኖ ተገኘ፤ ታክሞም ዳነ። ይቅርታ ልበል ብሎ ወደ ሽታዬ የመጣ ግን የለም።

ሽታዬ የጋኑን ስባሪ ሰብስባ ወቀጠችው። ገሉን ከአዲስ አፈር ጋር ለወሰችና ባለ ምንቃሩን ሰይጣን አበጀች፤ ቁመቱ ስንዝር ቢሆን ነው። ሲደርቅ በኩበት ተኩሳ ከአጥሯ በር ላይ አቆመችው። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ሲያይ፣ «ቡዳ የምትፈልጉ፣ ይኸውላችሁ!» ትላለች።

የተቆጣም ነበር፣ የሳቀም ነበር። ቀጥላ ዓሣውን ሠራች፣ ከዚያም ጅቡን፤ ቅዳሜ ገበያ ይዛቸው ወጣች። የኔአለም የሚባል የደብረ ማርቆስ የታሪክ መምህር ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ ኖሮ አየና አንዱን ገዝቶ ሄደ። ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። ያየው ባልደረባ ሁሉ ከየት አመጣኸው አለ። ብዙም ሳይቆይ የማርቆስ መምህራን ሲገናኙ «ዓሣው አለህ? ጅቡንስ አግኝተሃል?» መባባል ጀመሩ። የግድግዳውን አራዊት አንድም ሳይቀር ለማሟላት ይፎካከሩ ነበር።

አንድ ቀን የኔአለም፣ «እትዬ ሽታዬ፣ ሥዕሉ ላይ ያሉት እኮ ባለ አንድ ዓይን ናቸው። የእርስዎ ለምን ሁለት ዓይን ኖራቸው?» ሲል ጠየቃት።

«ግድግዳ አንድ ፊት ነው ያለው፤ የኔ ዞሮ ይታያል» አለችው። «በጎን ብቻ አይቶ መፍረድ ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ።»

ወሬው ደብሩ ጆሮ ገባ። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ እንደቆመ መሪጌታ አካለ ወልድ ሽታዬን ወደ ፊት ጠሯት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቃላቸው ግን ይከብዳል።

«ሰይጣን ሠርተሽ ትሸጫለሽ አሉ።»

«እሸጣለሁ። እናንተስ ግድግዳ ላይ ታሳዩን የለም?»

«ግድግዳው ላይ ሰይጣኑ ከመልአኩ እግር ሥር ነው፤ ድል ተነሥቷል። ያንቺ ብቻውን ቆሟል። መልአኩ የታለ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ነገሩ እውነትነት ነበረው። ሽታዬ አፈር የጠገቡ እጆቿን ዘረጋች።

«በእነዚህ እጆች የተሠራ መልአክ ከማን ቤት ይገባል? ማሰሮ ሲያስፈልግ ከኔ ይወሰዳል፤ እኔ ከነካሁት ወዲያ ደግሞ ረከሰ ይባላል። ለሰይጣን የሚሆን እጅ ነው ያለሽ አላችሁኝ፤ ሰይጣን ሠራሁበት።»

«እኔ እንዲያ ብዬሽ አላውቅም» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው።

«ሲሉኝም ዝም በሉ ብለው አያውቁም።»

ከዚያ መሪጌታ፣ «እንግዲያውስ መልአኩንም ሥሪና እንየው» አሏት።

«ልቤ ሲፈቅድ እሠራለሁ። በትእዛዝ ግን አልሠራም።»

የደብሩ ሽማግሌዎች ተመካክረው ወይ ሰይጣኖቹን ትስበር፣ ወይ በበዓል ቀን እንደ ወትሮው ሸክላዋን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ መሸጧን ትተው ሲሉ ወሰኑ። አልሰበረችም።

በዓመቱ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅጥሩ ማዶ፣ ከመንገዱ ዳር ጆንያ አነጠፈችና አራዊቷን ደረደረች። ዘበኛው ሊያስነሣት መጣ። «መንገዱ ቅጥር ግቢ አይደለም» ብላ ዝም አሰኘችው። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ዙሪያዋ በሰው ተሞላ። በመሃል ታየች ብቅ አለች። አጠገቧ ያ የታመመው ልጅ ነበር። ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ፣ «ሽታዬ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ» አለች።

ሽታዬ ቀና አላለችም። «ስትሰድቢኝ ጮክ ብለሽ ነበር።»

ታየች ፊቷ ቀላ። ወደ ኋላዋ ዞራ ሰዉን አየች፤ ለመሄድም አንድ እግሯን አነሣች። መልሳ ቆመችና ሁሉም እስኪሰማ ጮኸች፦

«ልጄን ሽታዬ አልበላችውም! ታይፎይድ ነው የያዘው! ዋሽቼባታለሁ!»

አንዲት አሮጊት «እሰይ!» አሉ። ሽታዬ ከጆንያው ላይ ዓሣውን አንሥታ ለልጁ ሰጠችው። ታየችን ግን ይቅር ብዬሻለሁ ያለቻት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ ገብቶ የሚበላ ሰው ተገኘ፤ ብዙ አይደለም። «ቡዳ» የሚላትም አልጠፋም። መልአኩን እስከ ዛሬ አልሠራችም። መሪጌታ በደጇ ባለፉ ቁጥር «ልብሽ አልፈቀደም?» ይሏታል፤ «ገና ነው መሪጌታ» ትላቸዋለች፤ ሁለቱም ፈገግ ይላሉ።

በቅርቡ የኔአለም ሊጠይቃት ሄዶ ከምድጃው ዳር አንድ አዲስ አውሬ አየ። ቀንድ አለው፣ ክንፍ አለው፣ ደረቱን ነፍቶ በሁለት እግሩ ቆሟል። ከግድግዳው የትኛው እንደሆነ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም።

«ይኼ ደግሞ ከየት ነው?»

«እዚያ የለም» አለችው፣ የአውሬውን ቀንድ በጠጠር እያሸች። «ይኼ የራሴ ነው።»