አልሄድ ያለው ደብዳቤ

ሰናይት ማሽን ሲያስቸግራት መጀመሪያ የምትጠረጥረው ሰው ነው፤ ራሷን ግን ከሰው አትቆጥርም። የአረርቲ ጤፍ ነጋዴ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥታ ብርዱን ለምዳ ቀረች። አሁን የተፈናቃዮችን ሰነድ በሚጠብቅ ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። «የሰው ወረቀት በሌላ እጅ አይቀመጥም፤ የራሳችን ሰርቨር ይኑረን» ብላ ኮሚቴውን የሞገተች እሷ ናት። ሰርቨሩ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሰነድ ይጠብቃል፤ በማኅበሩ አድራሻም ኢሜይል ይልካል።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ዙቤዳ ከመጠለያው ገስግሰው መጡ። ቤታቸው ወለጋ ተቃጥሎ የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸውን ሌይላን አዲስ አበባ አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሏታል፤ የቀራት የፈተና ውጤቷን ማቅረብ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው ከማኅበሩ አድራሻ በኢሜይል የተላከውን ነው፤ ወይም ማኅተም ያረፈበትን በእጅ፤ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት።

«ሰኞ ልኬዋለሁ ብለሽኝ ነበር፤ እነሱ አልደረሰንም ይላሉ» አሉ።

ሰናይት ሰርቨሩን ከፈተች። ከሰኞ ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልወጣም። ማሽኑ፣ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያሻግርለትን ኩባንያ መታወቂያ ማረጋገጥ አልቻልኩም እያለ ሁሉንም አግቷል። የይለፍ ቃሉን ቀየረች፤ አልሄደም። የመውጫ መስመሩን ለወጠች፤ አልሄደም። ኩባንያው ጋ ብትደውል «በእኛ በኩል ደህና ነው» አሏት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ትዕግሥቷ አለቀና ወደ መዝገብ ቤቱ ሹም ዞረች።

«ጋሼ ኪዳነወልድ፣ ሰኞ መብራት ሲመጣ ምን ነክተው ነው?»

«ምን እነካለሁ? ቀኑን ከካላንደሩ ላይ አነበብኩልሽ እንጂ።»

«የማያውቁትን ነገር አይጠጉ ብዬ ስንቴ ልንገርዎት?»

በእንግዳ ፊት ነበር። ሠላሳ ዓመት መዝገብ የጠበቁ ሰው ናቸው። ኮታቸውን ደረቡ፣ አንድ ማኅደር ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ወጡ። ማኩረፋቸው ነው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሆነ። ወይዘሮ ዙቤዳ ከወንበሩ አልተነሡም። «ኢንሻአላህ ይሄዳል» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሰዓት ይጠይቃሉ። ቢቆጧት ይቀላት ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምናልባት ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ውጤቱን እንደገና ስካን አድርጋ ጫነችው። አዲስ ፋይል ከላይ መቀመጥ ሲገባው የለም። ወደ ታች ብትወርድ ከአሮጌዎቹ ሁሉ ሥር አገኘችው። ዓመቱ 2018 ይላል። ቀና ብላ የግድግዳውን ካላንደር አየች፤ እሱም 2018 ይላል።

ትዝ አላት። ሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ሰዓቱ ጠፍቶበት ቀን ጠይቋት ነበር፤ ጋሼ ኪዳነወልድ ከካላንደሩ እያነበቡላት የጻፈችው እሷ ናት። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀምጧል፤ ለኩባንያው ዘንድሮ የተሰጠ መታወቂያ ለእሱ ገና አልተወለደም። ቁጥሩ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗ ሥር ነበር። ሽማግሌውም ነግረዋት ነበር፤ እሷ አልሰማችም።

ቀኑን አስተካክላ ላከች። ታግቶ የነበረው ሁሉ ተራ በተራ ወጣ። ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ሲል «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ወይዘሮ ዙቤዳ «አልሐምዱሊላህ» ብለው በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሰናይት ስልኳን አነሣች። አፍራለች፤ ቢሆንም ደወለች። በወዲያኛው በኩል የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ጋሼ፣ የት ነዎት?»

«ገና ጫጫ ነኝ። የልጅቷን ወረቀት ቅጂ ማኅተም አድርጌበት አዲስ አበባ ላደርስ ተነሥቼ ነበር፤ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ ቆምኩ፤ የሚያልፈው ሁሉ ሞልቷል። አሁን ብሳፈርም አልደርስም፤ ለእናትየው ምን እንደምላቸው ጨነቀኝ።»

ሰናይት እንባዋ ቀደማት። «ደርሷል ጋሼ» አለች፣ «ይመለሱ። የነካሁት እኔ ነኝ።»