ቫዮሊንና ቼሎ በጉና ግርጌ

ሐሙስ ንጋት፣ ከባሕር ዳር

ሰማዩ ገና ሳይነጋጋ መናኸሪያ ደርሰናል። ሦስት ነን፤ ቫዮሊን የምትጫወተው ራሔል፣ የኪቦርዱ ዮናስ፣ ከቫዮሊን የሚተልቀውን ቼሎ የምጫወተው እኔ። አዲስ አበባ ክላሲካል ሙዚቃ ተምረን የተመረቅን ጓደኛሞች ነን። እስካሁን የተጫወትነው በየኤምባሲው አዳራሽ ነው፤ የሚያዳምጡን ሁልጊዜም ያው ሰዎች ናቸው፤ በስም ሁሉ እናውቃቸዋለን። ሰምቶን ለማያውቅ ሰው እንጫወት ብለን ተነሣን። የራሔል አጎት ጋሽ ሞላ፣ ጡረታ የወጡ የደብረ ታቦር መምህር፣ «አዳራሽ አግኝቻለሁ፤ ኑ» ብለው ደወሉ።

የሚኒባሱ ሾፌር ቼሎዬን ከነሳጥኑ ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይኼ ጣሪያ ላይ ይውጣ።»

«እሱ ከወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ።»

ሳቀ። «እንግዲያው የአንድ ሰው ትከፍልለታለህ።»

ከፈልኩ። ቼሎው መስኮት ዳር ተንፈላሰሰ፤ እኔ መሐል ተጣበቅሁ።

መንገድ ላይ፣ አንበሳሜ ከተማ ለቁርስ ወረድን። የሌሊቱ ዝናብ ያቦካው ጭቃ፣ ጤፍ የተጫኑ አህዮች፣ የተቆለለ ቀይ ሽንኩርት፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሰዎች። ትኩስ ፓስቲ በሻይ በላን። ራሔል የራሷን ለዮናስ ሰጠችው። አባቷ አንድ ዘመዳቸው ቢሮ ሥራ አግኝተውላታል፤ ሰኞ ትጀምራለች። «ከእናንተ ጋር የመጨረሻ ጉዞዬ ነው መሰለኝ» አለችኝ፣ ወደ መኪናው ስንመለስ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ደብረ ታቦር

አዳራሹ ሞልቷል ባልልም ሰው አለው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከቢሮ የወጡ ሠራተኞች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች። ልንጀምር ስንል መብራት ጠፋ። የዮናስ ኪቦርድ ድምፁ ቀረ፤ ከዝግጅታችን ደግሞ አብዛኛው ያለ እሱ አይሆንም።

«ያለ ማይክ ምን ይደረጋል? ሌላ ቀን እናድርገው» አለ አስተናጋጁ ወጣት። የኋላው ወንበር መንኳኳት ጀመረ፤ ሰው እየተነሣ ነው።

ራሔል ከመድረኩ ወርዳ በሰዎቹ መሐል ቆመች። «እኛ ማይክ አንፈልግም። ቀረብ ቀረብ በሉ።»

«ዘፋኙ የታለ?» አለ አንድ ተማሪ፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ዘፋኟ ይቺ ናት» ብላ ቫዮሊኗን ከፍ አደረገች። እሷም ትስቃለች።

ለሁለት የሚሆነውን ሁሉ ተጫወትን። ዮናስ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ በየመሐሉ እየተነሣ ቀጥሎ የሚመጣውን በቀልድ ያስረዳል። የቼሎው ወፍራም ድምፅ መጀመሪያ አሳቃቸው፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሊወጡ የተነሡት ግድግዳ ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ አንዱን ጨዋታ አስደገሙን። ጋሽ ሞላ ግን እጃቸውን አጣምረው ከበሩ ሥር እንደቆሙ ነበሩ።

ዓርብ፣ ገሳይ

ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የጉና ተራራ ደመና ለብሷል። አንዲት የዚህች ትንሽ ከተማ መምህርት ደብረ ታቦር ሰምታን ስለጋበዘችን ከጋሽ ሞላ ጋር መጣን። የተጫወትነው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ለጉዳይ ከተማ የወጣው ገበሬ ሳይቀር አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቷል። እኩሌታው ላይ ስንደርስ በረዶ ቆርቆሮውን ይወቅረው ጀመር። የቼሎዬ ደጋን ጅማቱን ሲነካ ለራሴም አይሰማኝም። አቆምን።

የሚሄድ የለም። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ዞረ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት የራሔልን እጆች ይዘው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቷቸው።

«ይኸን ስንት ዘመን ተማርሽው ልጄ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ እማማ።»

«አባትሽ እንዴት ደስ ይላቸው!»

«አባቴ ሰምቶኝ አያውቅም» አለች።

በረዶው ሲያባራ ባልቴቷ እጆቿን ለቀቁላት። «በሉ እንግዲህ ከመጀመሪያው፤ ገሚሱን በረዶ ወሰደብን።» ከመጀመሪያው ተጫወትን። ራሔልን ስንት ዓመት አብሬያት ስሠራ እንዲያ ስትጫወት አላየኋትም።

ስንመለስ፣ መኪናው ውስጥ ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ራሔል፣ ልንገርሽ። አባትሽ ይኸን ነገር እንድትተዪ ምከራት ብሎኝ ነበር። አዳራሹን የፈለግሁልሽ፣ ሰው ሳይመጣ ይቀራል፣ ራስሽ ተስፋ ትቆርጫለሽ ብዬ ነው።»

«ጋሼ!»

«ተሳስቻለሁ።» ስልካቸውን አውጥተው እፊታችን ደወሉ። «ካሳ፣ ልጅህን ሰምተሃት ታውቃለህ? … እኔ ሰማኋት። አልመክራትም፤ የፈለግኸውን ራስህ ንገራት።» ዘጉት። ራሔል ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ጠረገች።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

የራሔል አባት አቶ ካሳ መናኸሪያ ጠበቁን። ሰላም ብለው ሻንጣችንን መኪናቸው ላይ ጫኑ። ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሉን። እጃችንን ታጥበን ስንጨርስ ወንበራቸውን ወደ ራሔል አዞሩ።

«በይ እስቲ፣ ለገሳይ ሰው የተጫወትሽውን።»

ዮናስ ኪቦርዱን ሰካ፤ ሦስታችንም ተጫወትን። አላጨበጨቡም። ጎንበስ ብለው ነበር ያዳመጡት።

«ነገ ሰኞስ?» አሏት።

«ነገ ልምምድ አለብን፣ አባዬ።»

ቀና ብለው አዩዋት። «እንግዲያው ለዚያ ዘመዳችን፣ እንዳይጠብቅሽ፣ እኔ እደውልለታለሁ» አሉ።