አግዳሚዎቼን ደጅ ያወጣሁ ዕለት

ይህ የሆነው ያለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ሸራ በተወጠረበት ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ብቻዬን ስለምስቅ፣ ሰው አበደ ሳይለኝ ልናገረው ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሮቤ ውስጥ ከቤቴ ጋር የተያያዘች የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ወንበር፣ አልጋና አግዳሚ እሠራለሁ። በእጅ እየላግኩ የትም እንደማልደርስ ሲገባኝ፣ ለመሰንጠቂያና ለመላጊያ ማሽን ብድር ጠየቅኩ። ሁለት ነገር ቀረ። የአበዳሪው ተቋም ባለሙያ ከጎባ መጥታ ሥራዬን ማየት አለባት፤ እኔም ዋስ ማቅረብ አለብኝ። ዋስ ሊሆኑኝ የሚችሉት ደግሞ ፊት ለፊቴ ያሉት፣ ምስማር የምገዛቸው ባለሱቅ ጋሽ ደግፌ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ምሳ ጋብዘኝ በለኝ፤ ዋስ ሁነኝ አትበለኝ» ብለው ከሸኙኝ ሰንብተዋል።

ባለሙያዋ በምትመጣበት ዕለት፣ ባለቤቴ ፀሐይ እህቷን ልትጠይቅ በጠዋት ወደ ጊኒር ተሳፍራ ነበር። እኔ እንግዳዋ የቤቴን ጥበት አይታ እንዳትንቀኝ ያሉኝን አግዳሚዎች በሙሉ ደጅ አውጥቼ ደረደርኩ። ደመናው ስላላማረኝ ሸራ ወጠርኩባቸው። ከዚያ ቤቱን ቆልፌ ልቀበላት ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ብጠብቅ ብጠብቅ የለችም። ስልኳም አይሠራም። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ደጄ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ።

የጊኒሩ መኪና የተገለበጠ መሰለኝ። «ወይኔ ፀሐይ! ወይኔ ባለቤቴ!» እያልኩ፣ ራሴን ይዤ እየጮህኩ መሃላቸው ገባሁ። ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ቀና ብለው አዩኝና ከእኔ የባሰ ጮኹ።

«ያ ረቢ! ዱኤ ጄዳኒ! ሞተ ብለውን ነበር እኮ!»

«ማን?»

«አንተ!»

ለካ እኛ ሰፈር ሸራና አግዳሚ ደጅ ከታየ ለቅሶ ነው፤ ማንም አይጠይቅም፣ ገብቶ ይቀመጣል። ቤቱ ዝግ ነው፣ ፀሐይም የለች። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ለኩላሊት ጠጠር ጎባ ሐኪም ቤት ስመላለስ ስለታየሁ፣ ሟቹን ለመገመት አልተቸገሩም።

ይህን ሲነግሩኝ አንዲት የማላውቃት ሴት ከጥግ ዓይኗን እየጠረገች ተነሳች። ባለሙያዋ ነበረች። በሰው መኪና ቀድማኝ መጥታ ለቅሶዬ ላይ ተቀምጣለች።

«ፋይልዎን ልዘጋው ነበር» አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አግዳሚውን ነቅነቅ አደረገችው። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦበት ሲጥ አላለም። «ሥራዎንስ ተቀምጬበት አየሁት። ዋስዎ ማን ናቸው?»

«ገና አላገኘሁም» አልኩ። አዴ ዘይነባ ግን ጣልቃ ገቡ።

«ደግፌ፣ ቅድም ምን እያልክ ነበር የምታለቅሰው?»

ጋሽ ደግፌ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ደረታቸውን እየደቁ «ምነው አንድ ጊዜ በተነሳህልኝ፣ የጠየቅከኝን ሁሉ ባደረግኩልህ!» ሲሉ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷቸዋል። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሽ ደግፌ መሀረባቸውን ቀስ ብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«እንግዲህ ተነስቷል፤ ምን ይደረጋል» አሉ። «እስክሪብቶ ስጪኝ፣ ልጄ።»

ማሽኑ ዛሬ ይሠራል። ፀሐይ ታሪኩን ስነግራት ከሁሉም የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እውነት ስሜን እየጠራህ አለቀስክ?» ትለኛለች፣ እስካሁን ድረስ። እኔም አግዳሚ ከማውጣቴ በፊት ለአዴ ዘይነባ «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ እናገራለሁ።

የብድሩ መክፈያ በደረሰ ቁጥር ጋሽ ደግፌ ከሱቃቸው ብቅ ብለው «ልጄ፣ ኩላሊትህ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ሰፈሩ ስለ ገንዘቡ ፈርተው ነው ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ለገንዘቡ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሞቼ ሲያለቅሱልኝ አይቻቸዋለሁ።