ሰይቼንቶዋን ያማሁባቸው እሑዶች

ሰው ፊት ብዙ አልናገርም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ዝም ማለት የሥራው አንዱ ክፍል ነው። ስድስት ኪሎ በተማርኩባቸው ዓመታት አስተማሪ ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ብቻ በምትሰማው ድምፅ ነበር። አፌ የሚፈታው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። መኪና። ያውም ትንንሽ መኪና።

ይህንን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ውስጥ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ እሪ በከንቱ የሚኖሩ፣ ክሬም ቀለም ሰይቼንቶ ያላቸው ሰው ናቸው። ሰይቼንቶን ለማያውቅ፦ ጣሊያን ሠራሽ፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ አራት ሰው እይዛለሁ ብላ የምትከራከር ትንሽ አሮጌ መኪና ናት።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ አፍንጮ በር መጥተው ይወስዱኛል። ፒያሳ አንድ የቆየ ኬክ ቤት ደጃፍ እናቆማለን። አንወርድም። አስተናጋጁ ማኪያቶውን በትሪ ይዞ እስከ መስኮቱ ድረስ ይመጣል። ይህንን የለመደ ሰው ገብቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሰው ቤት በእንግድነት የሄደ ይመስለዋል። ከዚያ ብርጭቋችንን ጉልበታችን ላይ ይዘን የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እናማለን። እውነቱን ለመናገር የማማው እኔ ነኝ። ጋሼ ጥያቄ እየጣሉ ያቀጣጥሉኛል።

አንድ እሑድ አሜሪካ ሠራሽ የሆነች ትንሽ መኪና ከፊታችን ለመቆም ስትታገል «ጋሼ፣ አዩዋት?» አልኳቸው። «አሜሪካኖች ትንሽ መኪና የሚሠሩት ተገድደው ነው። ትልቅ ሰው ሕፃን ለማጫወት ቁጢጥ ሲል አላዩም? ፊቱ ይስቃል፤ ልቡ ግን መቼ በተነሣሁ ይላል። በሯን ይመልከቱ፣ የባንክ ካዝና በር ነው። ወንበሯ ሶፋ ነው። የኩባያ ማስቀመጫዋ ከኋላ መቀመጫዋ ይሰፋል።»

«የኩባያ ማስቀመጫ መኖሩ እንኳ ክፉ አይደለም» አሉ ጋሼ፤ ማኪያቶው ሱሪያቸው ላይ እንዳይደፋ በሁለት እጃቸው ይዘው። «ጣሊያኖቹስ?»

«ጣሊያን የሠራትን ትንሽ መኪና ትንሽ መሆኗን የነገራት የለም። እንደ አጭር አለቃ ናት። ከሷ በፊት ድምፅዋ ይገባል።»

«ቮልስስ?»

«ቮልስ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። አይቸኩልም፣ አይሳሳትም፣ ኮቱንም አይቀይርም።»

«የፈረንሳዮቹ?»

«ቆመውም የሚያስቡ ይመስላሉ። ወንበራቸው እንቅልፍ ያመጣል። ማርሹ የት እንዳለ ለማግኘት ግን መንቃት ያስፈልጋል።»

«እነዚህ አዳዲሶቹ፣ የኤሌክትሪኮቹስ?»

«እነሱ እንደ ነገረኛ ዘመድ ናቸው። መምጣታቸው የሚታወቀው አጠገብ ከደረሱ በኋላ ነው።»

ጋሼ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። አስተናጋጁ ምን ሆኑ ብሎ ጎንበስ አለ፤ እኔም ሌላ ሰው ስለቀረበ ወዲያው ዝም አልኩ።

መኪና ማማት የለመደ ሰው ደግሞ የተቀመጠባትንም አይምርም። ሰይቼንቶዋን ብዙ ነገር ብያታለሁ። ጎማ የተገጠመላት ሳሙና ማስቀመጫ ብያታለሁ። እኛ ተሳፈርንባት ወይስ ለበስናት ብዬ ጠይቄያለሁ። ስትነሣ የስፌት መኪና ድምፅ አላት ብያለሁ፤ ያውም ለልብስ ሰፊ። ዝናብ የጣለ ዕለት «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ከምንበሰብስ ወርደን ብንጠለል አይሻልም?» ያልኩም እኔ ነኝ። ጋሼ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር።

ያላልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያንን ወንበር እንደነበር አልተናገርኩም። እኔ ስሳደብ አላፍርም፤ ስወድ ነው የማፍረው።

ታዲያ አንድ እሑድ ጋሼ ማኪያቷቸውን ሳይጨርሱ «ልሸጣት ነው» አሉ። የዓይን ሐኪማቸው ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጡ ነግሯቸዋል። «ቆማ ከምትዝግ የሚፈልጋት ይውሰዳት።»

የሚፈልጋት አጠገባቸው ተቀምጣለች። መንጃ ፈቃድ አላት፤ መኪና ብቻ የላትም። «እኔ ልውሰዳት» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ቀልድ ግን ተሰልፎ በሩን ዘጋብኝ። ሳሙና ማስቀመጫ ያልኳትን መኪና በምን አፌ ስጡኝ ልበል? ደግሞስ ታላቅ ሰው ልሸጥ ነው ካለ ስጡኝ ማለት ያሳፍራል። «ጥሩ ነው» አልኩ። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

በሳምንቱ ደላላ መጣ። የሰፈር ሰው ነው፤ እግሩ መሬት ሳይነካ አፉ ፒያሳን ይዞራል። ሰይቼንቶዋን ዞሮ ዞሮ አየና «ጋሼ፣ በሴት የተያዘች ነው የምለው» አለ።

መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህንን ቃል ያውቀዋል። በሴት የተያዘች ማለት ያልተጋፋች፣ በጥንቃቄ የተነዳች ማለት ነው። ደላላ የሚሸጣቸውን መኪኖች ሁሉ ብትሰሙት በዚህ ከተማ ወንድ መኪና ይዞ አያውቅም።

«ሐሰት ነው» አሉ ጋሼ። «የያዝኳት እኔ ነኝ።»

«ጋሼ ደግሞ! ሁሉም ይላል እኮ!»

«ሁሉም ይበል። እኔ ቆርቤያለሁ።»

ደላላው ሰማይ ሰማይ አየ። ጋሼ ትንሽ አሰቡና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለእኔ ዘረጉልኝ። «እንግዲያው ትያዛት። ገዢ እስኪገኝ ትንዳት። ያን ጊዜ እንደልብህ ትላለህ፤ እውነት ይሆናል።»

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደ ሥራ የምሄደው በሰይቼንቶ ሆነ፤ የደላላውን ቃል እውነት ላደርግለት ማለት ነው። መኪናዋን በየቀኑ በነዳኋት ቁጥር መሄጃዋን እያቀረብኩ ነበር። ይህንን እያወቅሁ ግን በአጭሩ መንገድ መሄድ ትቼ በፒያሳ በኩል መዞር ጀመርኩ። አራዳ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያልፍም። መብራት ላይ ስቆም ከጎኔ የታክሲ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እናቷስ? እናቷን የት ጥለሽ መጣሽ?» ይላል። አንዱ ሊስትሮ ብሩሹን እያነሣ «እህት፣ እሷንም ልጥረግልሽ? በአንድ ጫማ ሒሳብ!» አለኝ። ፊቴ ይግላል፤ መስኮቱን እዘጋለሁ። ከተዘጋ በኋላ ግን ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ስድብ እመልሳለሁ። አንዳቸውም አልሰሙኝም እንጂ ብልጫው የኔ ነበር።

ገዢ ቶሎ አልተገኘም። ከመጡት አንዱ ሰውነታቸው ሞላ ያለ ነበሩ፤ መግባቱን ራሳቸው ገቡ፣ ለመውጣት ግን የሦስታችንም እርዳታ አስፈለገ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እውነተኛው ገዢ መጣ። ኬክ ቤቱ ደጃፍ ነበርን። ልብሱ የተተኮሰ፣ ሽቶው የተመጠነ፣ ንግግሩ ትሑት የሆነ ጎልማሳ ነው። የመጣው ደግሞ በምን ብትሉ፣ አሜሪካ ሠራሽ በሆነች ትንሽ መኪና። በሯን ሲዘጋው የካዝና ድምፅ ሰማሁና ሳቄን ዋጥኩ።

«በሴት የተያዘች ናት!» አለ ደላላው፣ ዓይኑን ወደ ጋሼ እየላከ። ጋሼ በሙሉ ልብ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው የያዘቻት ትንዳልኝ» አለ ሰውዬው።

ጋሼና ደላላው ደጃፉ ላይ ቀሩ፤ እኔና ሰውዬው ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ወረድን። ሐሳቤ ተንኮል ነበር። ስንመለስ ያንን ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት አለብን። ዳገቱ መሀል ላይ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ቀደም አድርጌ ብለቅ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። አንዴ ቢጠፋ ይጠራጠራል። ደግሜ ባጠፋው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ማንም አያውቅብኝም፤ ዓይን አፋር ሴት ዳገት ላይ መኪና ብታጠፋ ለአራዳ ሰው ዜና አይደለም።

ዳገቱ ጋ ደረስን። እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ተዘጋጀ። ልክ ያን ጊዜ ከኋላችን አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፋና ረዳቱ «ትገፋ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

አልቻልኩም። ሌላ ሰው ሲሰድባት አልቻልኩም። ማርሹን ቀየርኩ፣ ቤንዚን ሰጠኋት፤ ሰይቼንቶዋ ያቺን የስፌት መኪና ድምፅዋን አሰማችና አንዴም ሳትንገዳገድ ጫፉ ላይ ወጣች። ሚኒባሱን ወደ ኋላ ጥለነው ነበር። ከኩራቴ የተነሣ ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ጫፉ ላይ ከደረስን በኋላ ነው። በገዛ እጄ ሸጥኳት።

«እንዴት ዓይነት ኃይል ነው!» አለ ሰውዬው። ቀጥሎ ደግሞ ፈገግ ብሎ «ለነገሩ ሞተሩ ባይሠራም ግድ አልነበረኝም፤ እናወጣዋለን» አለኝ።

«ታወጡታላችሁ?»

«ካፌ ልከፍት ነው። ከመሀል ቆርጠን የፊቱን ግማሽ ባንኮኒ እናደርገዋለን። መብራቶቿ ይበራሉ። ከላይዋ ላይ ማኪያቶ ሲቀዳ ይታይሽ!»

ታየኝ። ባልታየኝ በወደድኩ። ሰውዬው ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም እንደኔው ወዷት ነበር። የወደደው ግን ፊቷን ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ ኬክ ቤቱ መለስኳት።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ። «እህስ? ዳገቱን ወጣችው?»

«ጋሼ» አልኳቸው፤ ድምፄ ስድስት ኪሎ እንደነበረው ነው። «ሊቆርጧት ነው።»

«ምን?»

«ቆርጠው ባንኮኒ ሊያደርጓት ነው።» ይህንን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ኬክ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞሩ።

ጋሼ ቀና ብለው ሰውዬውን አዩት። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ልብስ ሰፊ ነው ያሰቡት። «የትኛውን ግማሽ?» አሉ።

«የፊቱን፣ አባባ።»

«የፊቱማ ባዶ ነው እኮ! ሞተሩ፣ ጉልበቱ፣ ሁሉ ነገሯ ከኋላ ነው። ሱሪ ቆርጠህ ኪሱን ብቻ ትወስዳለህ?»

«የሚያምረው ፊቷ ነው አባባ» አለ ሰውዬው በትሕትና። ደላላው በመሀል ገብቶ «ጋሼ፣ ከገዛ በኋላ ቢፈልግ ጠጅ ይጥልባት፣ እኛ ምን ቸገረን?» አለ።

ጋሼ ወደ እኔ ተመለሱ። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

መሪውን እንደያዝኩ ነበር። «እኔ እፈልጋታለሁ።»

«ምኗን?»

«ሁሉንም። የፊቱንም የኋላውንም።»

 ጋሼ ጣታቸውን እያጠፉ ይዘረዝሩልኝ ጀመር፤ ያልኩትን አንዱንም አልረሱም። «ሳሙና ማስቀመጫ ያልሽው ማነሽ? ለበስናት ያልሽው ማነሽ? ወርደን እንጠለል ያልሽው ማነሽ? የስፌት መኪና ያልሽውን እንኳ ምርቃት ነው ብዬ ወስጄዋለሁ። ትንሽ ነገር አትወድም ብዬ እኮ ነው፤ ልስጥሽ እያልኩ ይቺን ጉድ ሰጠኝ ትያለሽ ብዬ አፍሬ ተውኩት!»

«ስቀልድ እኮ ነው ጋሼ!»

«እኔ በምን ልወቅ? ለሌላ ሰው ስትቀልጂ አይቼሽ አላውቅ!»

በረንዳው ሳቀ። ደላላው ራሱን ይዞ «አምላኬ! ከሁለት ዓይን አፋሮች መሀል ምን ዶለኝ?» አለ። ሰውዬው ግን አልተቀየመም። ደጋግሞ ወደ ሰይቼንቶዋ ፊት እየተመለከተ በካዝናው በር ገብቶ ሄደ።

በማግሥቱ እሑድ እኔ በመሪው በኩል፣ ጋሼ በእኔ ወንበር ተቀመጡ። አስተናጋጁ እንደ ልማዱ ወደ ሾፌሩ መስኮት መጣና እኔን ሲያይ ግራ ተጋባ፤ ትሪውን ይዞ አንዴ ዞረን። ለካ ያ ወንበር ምላስ ያስረዝማል። ጋሼ ገና ማኪያቶውን ሳይቀምሱ ስለ አቋቋሜ፣ ስለ ፍሬን አያያዜ፣ ጥግ ስዞር ስለማወጣው አንገት ሁሉንም አነሡብኝ። እንደኔው ምሕረት የላቸውም ነበር።

ያቺ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ከላይ መጥታ ከፊታችን ለመቆም ስትታገል ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው በመስታወቱ አይቶን እጁን አነሣልን።

«ቁጢጥ ያለው ሰውዬ መጣ» አሉ ጋሼ፤ ከንፈራቸው ላይ አረፋ እንደተጣበቀ። «ቦታ እንልቀቅለት። በይ፣ ሳሙና ማስቀመጫዋን አስነሻት። ቀስ ብለሽ ግን፤ ሱሪዬን ራሴ ነኝ የሰፋሁት።»