ሞተር የሌላት ፊያት

ገብረመድኅን ፊያት ስድስት መቶዋን ይዞ ከኢትዮጵያ የተሻገረው መንግሥት የወደቀ ጊዜ ነው። የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበር። ኬንያ ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ጋራዥ ከፍቶ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው መኪና ሲጠግን የራሱን ግን ዝገት በላት። ስልሳ ሊሞላው ሲል ሊያድሳት ተነሳ። ዝገቷን ፋቀ፣ ወለሏን በአዲስ ላሜራ በየደ፣ ፍሬኗን አደሰ። ዘይት የሚጠጣውን ሞተሯን አውርዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

እዚህ ላይ ዲዳ የሚባል ጎረቤቱ ጣልቃ ገባ። ዲዳ የፀሐይ መብራትና ባትሪ ነጋዴ ነው፤ ገብረመድኅንን በስዋሂሊ "ሙዜ"፣ ሽማግሌው፣ ይለዋል።

"ሙዜ፣ ይሄን ሬሳ ተወው። በኤሌክትሪክ እንቀይራት። ባትሪው ከእኔ፣ ፀሐዩ ከአላህ።"

"ድምፅ የሌላት መኪና ደግሞ መኪና ናት?"

"ሚስትህ ድምፅ ብትቀንስ ትጠላለህ እንዴ?"

ገብረመድኅን ሳቀና "ላስብበት" አለ። ሲያስብ ወራት አለፉ፤ መኪናዋም ሞተር አልባ ሆና ቆመች።

በፈረንጆቹ 2013 ማብቂያ ላይ ጎሳ ከጎሳ ተታኮሰ። ቆርቆሮ ቤቶች ነደዱ። ትናንት በአጥር ላይ ስኳር ያቀብል የነበረ ጎረቤት ዛሬ ገጀራ ይዞ በር ይሰብራል። የገብረመድኅን ሚስት ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ቀድማ ወደ ኢትዮጵያ ተሻግራለች፤ እሱ ጋራዡን ሊጠብቅ ቀረ። አንድ ረፋድ ዲዳ በአጥሩ ሥር እየተሳበ ገባ። ታፋውን በጥይት ተመትቷል።

"እየፈለጉኝ ነው። አውጣኝ፣ ሙዜ።"

ገብረመድኅን ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ እስካሁን የነካው የለም። ዲዳን እሱ ቤት ቢያገኙ ግን ሁለቱንም ያርዷቸዋል። ሐኪም ያለው ከድንበሩ ማዶ ነው፤ እስከ ድንበሩ ድረስ ደግሞ መንገዱ ቁልቁለት ነው። የዲዳን ታፋ በከመነዳሪ፣ በጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠፍሮ አሰረ፣ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛው፣ መኪናዋን ገፍቶ ከግቢ አወጣትና ዘሎ ገባ። ቁልቁለቱ ይዟት ወረደ። አንዴ ከቆመች ዳግመኛ የሚያንቀሳቅሳት ነገር አልነበረም።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ቤቱ ይቃጠላል። አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ዶሮ ጀርባቸው ላይ ቆማለች። ኩርባውን ሲዞር፣ መንገዱ መሀል ጉራቻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የወተት ሻጯ የካልቶማ ልጅ ነው፤ ገብረመድኅን ብስክሌቱን ስንቴ ጠግኖለታል። አሁን ገጀራው እስከ እጀታው በደም ቀልቷል።

የሰማው ነገር ስለሌለ የዞረው መኪናዋ ስትደርስበት ነው። ገብረመድኅን እግሩን ፍሬኑ ላይ አደረገ። ከኋላው ዲዳ አቃሰተ። አልረገጠም።

በኬንያ መኪና የሚሄደው ግራውን ይዞ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገው ጉራቻ ለማምለጥ መኪና ወደማይመጣበት ጠርዝ ዘለለ። ኢትዮጵያ ውስጥ መሪ መያዝ የተማረው የገብረመድኅን እጅ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ዓመት በግራ ነድቶም፣ ሲደነግጥ ወደ ቀኝ፣ ወደዚያው ጠርዝ ጠመዘዘ። የጉራቻ ጭንቅላት የፊት መስተዋቱን ሰነጠቀው። ከዚያ ጎማው ወጣበት፤ መኪናዋ ነጠረች፤ አልቆመችም።

"ምንድነው?" አለ ዲዳ።

"ድንጋይ ነው።"

ዲዳ ከድንበሩ ማዶ ታክሞ ዳነ። ተኩሱ ሲበርድ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ማን ማንን ገደለ እንዳይባል ተማማሉ። ገብረመድኅንና ሚስቱም ፊያቷን አስጎትተው ወደ ጋራዡ ተመለሱ። ከተማው በዚህ መሐላ ተኛ፤ ገብረመድኅን ብቻ አልተኛም። እጁ ነው ወይስ ልቡ የጠመዘዘው? ይህን የሚጠይቀው ሰው እንኳ ቢገኝ፣ መጠየቁ ራሱ መሐላ ማፍረስ ነው። ካልቶማም በየጠዋቱ ወተት ታመጣለታለች፣ ስለ ሚስቱ ጤና ትጠይቃለች፣ ትሄዳለች።

ዲዳ እያነከሰ መጣ። "የኤሌክትሪክ ሞተሩ ናይሮቢ ተገኝቷል። አሁንስ እንጨርሳት፣ ሙዜ።"

"የድሮውን እመልሳለሁ።"

"ያ አሮጌ ሰፈሩን ያደነቁራል እኮ።"

"ያደንቁር።"

"ምን ነካህ?"

ገብረመድኅን ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ግቢው በጭስ ታፈነ። መኪናዋን ቀስ ብሎ ወደ ቁልቁለቱ አወጣት። ካልቶማ የወተት ጄሪካኗን አዝላ ከፊቱ ትሄድ ነበር። ጩኸቱን ከሩቅ ሰማች፤ ዘወር እንኳ ሳትል ከመንገዱ ወጣችለት።