ሐዘን ካልገጠመ

የሶፍትዌር ስልጠናውን በሰፈራችን እድር አዳራሽ እናድርገው ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። እንዲያውም ሐሳቡ የመጣልኝ ቀን ራሴን በጣም ነበር ያደነቅኩት።

የምሠራው ጉለሌ ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የምርምር ቢሮ ነው። ተመራማሪዎቹ ከላብራቶሪ የሚያመጡትን ቁጥር በሶፍትዌር እተነትናለሁ። ይህን የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሰው ሁሉ ፍላሹን ይዞ በሬ ላይ ይሰለፋል። ራሳቸው እንዲሠሩት ላሠልጥናቸው ብዬ ቢሮ ውስጥ ሞክሬ ነበር። አንዱ አለቃ ጠራኝ ብሎ፣ አንዷ የምትፈርመው ወረቀት አለ ብላ፣ ሹልክ ሹልክ እያሉ ጠፍተው ከሰዓት በኋላ ባዶ ወንበር ሳስተምር ዋልኩ። ስለዚህ ከቢሮ ውጭ ይሁን አልኩ። ከቢሮ ውጭ ሲባል ባልደረቦቼ የታያቸው የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው። ለአለቃዬ የታየው በጀቱ ነው። ይቅር ሊል አፉን ሲከፍት ቀደም አልኩና «ቀጨኔ አዳራሽ አለኝ» አልኩ። አዳራሽ አለኝ! ከአባቴ የወረስኩት ይመስል። አለቃዬ ደስ ብሎት በክልል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችም ይጠሩ አለ፤ ወዲያው ትኬት ተቆረጠላቸው።

የእድሩ ጸሐፊ አዳራሹን ከፍተው ካሳዩኝ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ለሰርግም ለስብሰባም እናከራያለን፣ ልጄ። ግን ሐዘን ካልገጠመ ነው። ከእድርተኛው ቤት ሰው ከሞተ አዳራሹም፣ አግዳሚውም፣ ብርጭቆውም የለቀስተኛ ነው። ያን ቀን አላውቅሽም።»

«ችግር የለውም» አልኩ። የሳይንስ ሰው ነኝ፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ፣ ሰው የመሞቱን ዕድል እዚያው ቆሜ በጭንቅላቴ አሰላሁና ትንሽ ነው ብዬ ፈረምኩ።

ከዚያ ዝግጅት ጀመርኩ። ለሁሉም ነገር ፕላን ቢ ነበረኝ። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ተከራይቻለሁ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሶፍትዌሩን ከነአጋዥ ፋይሎቹ በየፍላሹ ገልብጫለሁ። ፕሮጀክተሩ ቢበላሽ ሌላ ለምኛለሁ። ማከፋፈያ ብቻ ስሸከም ያየኝ ሰው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ልከፍት መስሎት «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎኛል። ባነሩን ሦስቴ አሳትሜዋለሁ፤ ሁለቱ የተጣሉት ቀለማቸው ስላላማረኝ ነው። ማታ ማታ ቤቴ ተቀምጬ በዝግጅቴ ስኮራ አመሽ ነበር።

ስልጠናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ እድሩን ለብዙ ዘመን በዳኝነት የመሩት አባባ ከሆስፒታል ወጡ ሲባል ሰማሁ። ተመስገን ልል ስል ነጋሪዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቤታቸው ይሁኑ ብለው ነው እኮ የመለሷቸው» አለችኝ። ቤታቸው ከአዳራሹ ዝቅ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። በልጅነቴ ኳሳችን ግቢያቸው ሲገባ እየገሠጹም ቢሆን ይመልሱልን ነበር። አንጀቴ መላወስ ነበረበት። እኔ ግን በልቤ ያልኩት «እስከ ስልጠናው ዓርብ ይቆያሉ?» ነው።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። በማግስቱም። በማግስቱም። ልጃቸው በሩን በከፈተች ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀራል። «የሥጋ ዘመድ እንኳ እንዳንቺ አልሆነንም፣ እህቴ» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን መሬት አልተከፈተችም፤ እኔም ገብቼ ቁጭ እላለሁ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ወሰዱ ወይ? ሾርባውን ጨረሱ ወይ? መስኮቱ ይዘጋ፣ ብርድ ይመታቸዋል። እናቴ ታማ እንኳ እንዲህ አልተንገበገብኩም፤ እናቴም ይህን ሳትናገር አላለፈችም።

አንድ ቀን ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና የመክፈቻ ገለጻዬን በሳቸው ላይ ተለማመድኩ። ሶፍትዌር ምንድን ነው፣ መረጃ ለምን ይተነተናል፣ ታሪካዊ አመጣጡ... ቀና ስል ዓይናቸው ተከድኗል። ደረታቸው አይንቀሳቀስም። ላፕቶፑን አልጋው ላይ ወርውሬ እጄን ወደ አፍንጫቸው ሳስጠጋ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ቀጥይ፣ እየሰማሁ ነው።»

«ተኝተው ነበር እኮ፣ አባባ።»

«ታሪካዊ አመጣጡ ላይ ነው የተኛሁት። እሱን ቁረጪው።»

ቆረጥኩት። ስልጠናውን ካሻሻሉልኝ አስተያየቶች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነበር።

ስልጠናው ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ትኩሳታቸው ጨመረ። እኔ፣ ሰው በስሜት ሳይሆን በማስረጃ ይመራ እያልኩ ቢሮውን የማሰለች ሴት፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ እንጦጦ ማርያም ወጣሁና ጸበል ቀድቼ መጣሁ። እዚያ ቆሜ የጸለይኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «እመቤቴ፣ እስከ ዓርብ ብቻ» ነው ያልኩት። ለሰው ዕድሜ ሲለመን የጊዜ ሰሌዳ አያይዤ የለመንኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ስልጠናው በሚጀመርበት ረቡዕ ንጋት ላይ የእድር ጥሩምባ ቀሰቀሰኝ። ነጠላ ጫማዬን እንኳ ግራና ቀኙን አቀያይሬ ነው የወጣሁት። ስወጣ ከአፌ ያመለጠኝ ቃል «አዳራሹ!» ነበር። አባባ አላልኩም። አዳራሹ! ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ ሰምታኛለች። ጥሩምባ ነፊው ተሻግሮ ላለው እድር እየለፈፈ መሆኑን ሳውቅ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ማዶ አንድ ቤት ሰው እያለቀሰ፣ እኔ እፎይ አልኩ።

ስልጠናው ያለ እንከን አለፈ ማለት ይቻላል። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ። ኢንተርኔት ከጠዋቱም አልነበረም፤ ፍላሾቹ ደረሱ። አለቃ የሚጠራው ሰው ስላልነበረ ማንም ሹልክ አላለም። አንድ ከክልል የመጣ ሠልጣኝ አግዳሚው ላይ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ «እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ሳላለቅስ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የላብራቶሪያችን ባልደረባ የራሷን ግራፍ ራሷ ሠርታ ስታሳየኝ እንባዬ መጣ። ከእንግዲህ በሬ ላይ የምትሰለፍበት ምክንያት የላትም።

ባነሩን ሳወርድ ግን ድንገት ጸሎቴ ትዝ አለኝ። ዓርብ ደርሷል። እስከ ዓርብ ብቻ ብዬ ነበር። ልመናዬ ቃል በቃል ተሰምቶልኝ ቢሆንስ? ሳይንሱም ምኑም ጠፋብኝ፤ ፈራሁ። ፈርቼም አፍሬም በቤታቸው በኩል ማለፍ ተውኩ። ሪፖርት እየጻፍኩ ነው እያልኩ፣ ከታክሲ ወርጄ በላይኛው መንገድ እየዞርኩ እገባ ነበር።

በቀጣዩ ሐሙስ ልጃቸው ታክሲ መያዣው ላይ አገኘችኝና እጄን ያዘችኝ።

«አባዬ ጠፋች እያለ ነው። ምን በደልናት ይላል።»

ባዶ እጄን ገባሁ። አባባ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ ዓይናቸው ግን ያ ዳኛ የነበረው ዓይን ነው። ልጃቸው ሻይ ልታፈላ እስክትወጣ ጠበቁ።

«ስልጠናሽ አለቀ?»

«አለቀ፣ አባባ።»

«ሐዘን ካልገጠመ የሚለውን ደንብ ማን ያወጣው ይመስልሻል? እኔ ነኝ። አዳራሹን ማን ለመቼ እንደያዘውም ጸሐፊው እየመጣ ይነግረኛል።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እና አሁን ልሙት?»

የምገባበት ጠፋኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መካከል የሆነ ቦታ ላይ፣ ሳላቅድ፣ ሰውየውን ወድጃቸዋለሁ። እንዲሞቱብኝ አልፈልግም። አዳራሽ ኖረም አልኖረም።

«አይሆንም» አልኩ። «ሁለተኛ ዙር አለ።»

«መቼ ነው?»

«ቀኑ ገና አልተቆረጠም።»

የከሳ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«እንግዲያው አትቁረጪው» አሉኝ።