ለእትዬ አስካለ ለቅሶ ያነሳሁት ፎቶ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ለቅሶ ደርሼ ነበር። የሞቱት ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ሦስቱ ልጆቻቸው እንባቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይከራከራሉ። ለሰልስቱ አሳድገው ድንኳኑ ውስጥ የሚያቆሙትን ፎቶ መምረጥ አቅቷቸዋል። ስልኩ ውስጥ የእናታቸው ፎቶ እንደ ጉድ ነው፤ በሠርግ፣ በጥምቀት፣ ወጥ ሲያማስሉ፣ የሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይቀር። ታላቅየው፣ "እርስዎ ድሮ ካሜራ ነበረዎት ይባላል፤ እስቲ ይምረጡልን" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። መነጽሬን አድርጌ ጣቴን ባንሸራትት ባንሸራትት የማያልቅ ነገር ሆነብኝ። "ነገ ይሁን፣ ልጆቼ" ብዬ መለስኩላቸው።

እውነቱን ለመናገር ያሸሸኝ የፎቶው ብዛት አልነበረም። ለለቅሶ የሚሆን ፎቶ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ መርጫለሁ፤ ልክ ይሁን ስህተት ዛሬም አላውቀውም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ዛሬ ፎቆቹ የቆሙበት ቦታ ያኔ የጭቃ ቤቶች መንደር ነው፤ ከቤታችን እስከ ልደታ ማርያም በር ያለው መንገድ በሐምሌ ጫማ ይውጣል። ሩሲያ ተምሮ የመጣው አጎቴ ከሻንጣው ውስጥ ከባድ፣ ጥቁር፣ ቆዳ የለበሰ ካሜራ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። "ለወንድሞችሽ ብሰጥ ይሸጡታል። አንቺ ስትጠይቂ ነው የምትውዪው፤ በዚህ እያየሽ ምናልባት ትንሽ ዝም ትያለሽ" አለኝ።

አልተሳሳተም። መጠየቅ ብቻ ሳይሆን መክፈትም እወድ ነበር። የአባቴን ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም ስላቃተኝ፣ አባቴ ለሁለት ወር ያህል ዜና የሰማው ጆሮውን ወደ ጎረቤት ግድግዳ አስጠግቶ ነው። ካሜራውንም ፊልም ሳይገባበት አንድ ሳምንት ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሳደርገው ሰነበትኩ። ዶሮውን፣ አጥሩን፣ የእናቴን ጀርባ አነሳሁ። የሆነ ነገር እይዛለሁ ብዬ ሳይሆን በዚያች ትንሽ መስኮት ሲታይ ሁሉም ነገር አዲስ ስለሚሆንብኝ ነበር።

ከእትዬ አስካለ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ እንጋራለን። ጧፍ ሠርተው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይሸጣሉ፤ በተለይ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ የልደታ ዕለት፣ ቅርጫታቸው ባዶ ሆኖ ነው የሚመለሱት። ቤታቸው ሰም ሰም ይሸታል። ባልም ልጅም የላቸው። የነበራቸው አንዲት እህት በሰኔ ሞተችባቸው። ለቅሶዋ ላይ የቆመው ፎቶ ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ተወስዶ ያደገ ነበር። ሌላ ፎቶ አልነበራትም። ፊቷ ሲያድግ ማኅተሙም አብሮ አድጎ ግማሽ ጉንጯን ይዞታል። ይህ ነገር እትዬ አስካለን ከሞቱ እኩል አንገበገባቸው።

አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ተቀምጠው የበቆሎ እሸት ሲፈለፍሉ ካሜራዬን አዩ።

"ነይ እስቲ አንቺ ልጅ" አሉኝ። "እህቴን እንደ ደብዳቤ ማኅተም መትተው ሸኙብኝ። እኔን አሁን በቁሜ አንሺኝ። ሰው ሲያለቅስልኝ የገዛ ፊቴን አይቶ ያልቅስ።"

"ምን ሟርት ነው ይሄ፣ አስካለ?" አለች እናቴ።

"መገነዣዬን ገዝቼ አስቀምጬ የለም እንዴ? ያኔ ሟርት ያላልሽው ፎቶ ሲሆን ነው?"

እናቴ በቆሎዋን መፈልፈል ቀጠለች።

የክረምት ፀሐይ እንደ ልብ አይገኝም፤ ፍላሽ ደግሞ የለኝም። ሁለት ሳምንት ሰማይ ሰማይ ሳይ ቆየሁ። ፍልሰታ ገብቶ አንድ ጠዋት ደመናው ገለጥ ሲል እትዬ አስካለ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግቢው መካከል በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ፍርድ ቤት የቀረቡ ይመስል ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ፈገግ ይበሉ ብላቸው፣ "ለለቅሶ ነው እኮ" አሉኝ። አጎቴ ያስገባልኝን ፊልም፣ ሠላሳ ስድስቱንም ፎቶ፣ በእሳቸው ላይ ጨረስኩት።

የቀረኝ ፊልሙን ጠቅልዬ ፎቶ ቤት መውሰድ ብቻ ነበር። ግን ሠላሳ ስድስት እትዬ አስካለዎች በዚያ ቀጭን ጥቅልል ላይ እንዴት እንደተደረደሩ ሳላይ መሄድ አልቻልኩም። አጎቴ "ብርሃን እንዳያየው" ብሎኛል፤ እኔ ብርሃን ማለት የውጭው ፀሐይ መሰለኝ። ማድ ቤት ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ የካሜራውን ጀርባ ከፈትኩት። ሽሮ ላይ ካለው እንፋሎት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ አመድማ ነው።

ተክለ ሃይማኖት ጋ ትንሽ ፎቶ ቤት የነበራቸው ጋሽ ከድር ፊልሙን ተቀብለው ገና በእጄ አያያዝ አወቁት።

"ከፍተሽዋል?"

"ትንሽ ብቻ።"

"ትንሽ ብርሃን የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ። ይሄ ፊልም ተቃጥሏል።"

"ስከፍተውም እኮ ምንም አልነበረውም" ብዬ ተከራከርኩ።

"ነበረው። ሳይታጠብ አይታይም እንጂ ነበረው። ያጠፋሽው ለማየት ስትከፍቺ ነው።"

አዝነውልኝ ይሁን ወይም ጥያቄዬ አሰልችቷቸው ባላውቅም፣ መጋረጃ ገልጠው ወደ ጨለማው ክፍል አስገቡኝ። አንድ ቀይ አምፖል ትበራለች፤ አየሩ የኮመጠጠ ጠላ ይሸታል። ነጭ ወረቀት ፈሳሽ ያለበት ሳህን ውስጥ ከተው ያወዛውዙት ጀመር። መጀመሪያ የመጣው ጥቁሩ ነው፤ ቅንድብ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ጸጉር። አንዲት ሙሽራ ፊቷ ገና ሳይመጣ ታየኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነቀኝ ግን የለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልነበረኝ። እትዬ አስካለ ባዩኝ ቁጥር፣ "እኔ መቼ ነው የምመጣው?" ይሉኛል። "ፎቶ ቤቱ ሥራ በዝቶበት ነው" እላለሁ። በነሐሴ መጨረሻ ብርድ መታቸውና አልጋ ያዙ። ሐኪሙ የሳምባ ምች ነው አለ። እናቴ ገብታ ስትወጣ ዓይኗ ይቀላል። እኔ የፈራሁት ሞታቸውን ብቻ አልነበረም፤ በእኔ ምክንያት እንደ እህታቸው ማኅተም ተመትቶባቸው መሸኘታቸውን ነው። ቢጨንቀኝ አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

ብዙ ሳሉና፣ "እንግዲህ ሌላ እስክታነሺ መሞት የለብኝማ" አሉ።

አልሞቱም። መስከረም ሲጠባ ደጃፋቸው ላይ ወጥተው ሰም መጎተት ጀመሩ። አጎቴ እያጉረመረመ የመጨረሻ ፊልሙን ሰጠኝ። ይህን ጊዜ አላስቀመጥኳቸውም። አሮጌ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ክሩን በሰም እያሹ ሳለ በዝግታ ቀረብኩ። "ምን ይገትርሻል እዚያ?" ሊሉኝ ቀና ሲሉ ቀጭ አደረግኩት። ወረቀቱን ጋሽ ከድር ራሴ እንዳወዛውዘው ፈቀዱልኝ፤ ሊቆጣ የተቃረበ ፊት ከውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ።

እትዬ አስካለ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ፣ "ይቺን የት አገኘሻት?" አሉኝ።

"እርስዎ ነዎት እኮ።"

ቤታቸው ያለችው መዳፍ የምታህል መስታወት ናት። እሷን አንስተው ወደ ፎቶው፣ ከፎቶው ወደ መስታወቷ እያዩ ቆዩ። "ይቺ እናቴ ናት" አሉ በመጨረሻ። "መርዶዋ ከመንዝ ሲደርሰኝ አርባዋ ወጥቶ ነበር። አንድ ፎቶ የላት፤ መልኳ እየጠፋብኝ ነበር።" እና እዚያው በርጩማቸው ላይ አለቀሱ። አንድ ወግ ያለው ለቅሶ ነበር፤ እናቴም ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ፎቶው መስታወት ተገጥሞለት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እንግዳ "ማናቸው?" ሲል እትዬ አስካለ "እናቴ ናት" ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሳቄ ይመጣ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ኖሩ። እኔ ጅማ ለማስተማር ሄድኩ፤ እረፍት ሳገኝ እየመጣሁ ከፎቶው ሥር ተቀምጠን ዳቦ እንቆርሳለን። ማረፋቸውን ሰምቼ ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ የቆመው የመታወቂያ ፎቶ ነበር፤ ማኅተሙ ግንባራቸው ላይ። ደሜ ፈላ። ቤት ገብቼ ግድግዳውን እያሳየሁ፣ "ለምን ይሄን አላወጣችሁም?" ብዬ የእህታቸውን ልጅ አልማዝን ጠየቅኋት።

"እሱማ የአያቴ ፎቶ ነው።"

"እሳቸው ናቸው። እኔ ነኝ ያነሳኋቸው።"

"ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እህቴ። ተሳስተሽ እንዳይሆን።"

ፎቶውን አውርጄ በነጠላዬ ጠረግኩት። ከትከሻቸው ጀርባ በሩ አለ፤ በሩ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው የዚሁ ቤት የቀበሌ ቁጥር ይነበባል። አልማዝ ፎቶውን አየች፣ በሩን አየች፣ ይዛውም ወጣች። ሴቶቹ ሲያዩት ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። "ሊቆጡን ነው" እያሉ አለቀሱ። ቃሌን ጠበቅኩ ብዬ ኮራሁ።

ከአርባቸው በኋላ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ፎቶው ወደ ግድግዳው ተመልሷል። አንዲት ጎረቤት "ማናቸው?" ስትል አልማዝ "አክስቴ ናቸው" አለች። እትዬ አስካለ ፎቶዋን ለእናታቸው ሲሰጡ በለቅሶአቸው ላይ ምን እንደሚቆም ጠፍቷቸው ነበር? የእህታቸውን ያዩ ሰው ናቸው እኮ። እኔ ፊታቸውን አስመለስኩ፤ መንዝ ውስጥ የተቀበረችው፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶ የላትም።

ባለፈው ሳምንት፣ "ነገ ይሁን" ባልኩ ማግስት፣ ወደ ጎረቤቴ ልጆች ወረድኩ። ስልኩን ሊሰጡኝ ሲሉ፣ "እሳቸው ራሳቸው የሚወዱት የትኛውን ነበር?" አልኳቸው። ተያዩ። ትንሿ "ጠይቀናቸው አናውቅም" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

አልፈረድኩባቸውም። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ፎቶ ሥር ተቀምጬ ስለ ሰም ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰው ሁሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። "እትዬ፣ ሲሞቱ ይሄን ላውጣው ወይስ ለእናትዎ ይቅር?" አላልኩም። መልሱን የሚያውቁት ሴት አጠገቤ ተቀምጠው ዳቦ ያጎርሱኝ ነበር።